ሳይቀልጥ የተለካ ማር

የያህያ ማር ውሃ ተጨምሮበታል ብዬ ፈረምኩ። አልተጨመረበትም ነበር። ከዚያ በኋላ የደረሰብን ሁሉ የመጣው ከዚያች ፊርማ ስለሆነ፣ ፍቅራችንን ከማውራቴ በፊት ጥፋቴን ላስቀድም።

የምሠራው ቦንጋ፣ ከየቀበሌው ማር የሚረከብ አንድ የገበሬዎች ዩኒየን ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የምግብ ሳይንስ ተምሬ ስጨርስ ላቦራቶሪው ውስጥ በኮንትራት ተቀጠርኩ። ላቦራቶሪ ስላችሁ ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። አንድ ክፍል ነው፤ ሁለት ጠረጴዛ፣ የናሙና መደርደሪያ፣ የውሃ ማሞቂያና የማርን እርጥበት የምለካበት ትንሽ መሣሪያ አለው። በተራዬ መቀበያው ላይ ደረሰኝ ብቆርጥም፣ ናሙናው ለመለካት እኔ ጋ የሚደርሰው በቁጥር ብቻ ነው። የማን እንደሆነ አላውቅም፤ እንዳላውቅም ነው የተፈለገው። እርጥበቱ ከሃያ አንድ በመቶ ካለፈ ማሩ ይመለሳል። በጣም ካለፈ ደግሞ ውሃ ተጨምሮበታል ይባልና የአስረካቢው ስም ግቢው በር ላይ ይለጠፋል።

ያህያ የማንኪራ ቀበሌ ንብ አናቢዎችን ማር ሰብስቦ የሚያስረክብ ነበር። የተዋወቅነው ከሁለት ዓመት በፊት በጠብ ነው። ማለቴ እኔ ተጣላሁ፤ እሱ አልተጣላም። ዝናብ መንገድ ዘግቶበት ዘግይቶ ደረሰ፣ ሰዓት አልፏል ነገ ና አልኩት። «እሺ» ብሎ ሄደ። በማግስቱ ከሰው ሁሉ ቀድሞ በር ላይ ቆሞ አገኘሁት፤ ናሙናውን ስቀበለው አመሰገነኝ። እንዲህ ያለ ሰው ያናድደኝ ነበር። እያደር ግን ደረሰኝ በሰጠሁት ቁጥር ኪሎውን ትቶ የእኔን ስም ሲያነብ አየሁት። አንብቦ ቀና ሲል ዓይኑን ከዓይኔ ላይ ለማንሣት ይቸገራል። እኔም መቸገር ጀመርኩ።

ማንኪራ ኔትወርክ ሲጠፋ በሚኒባስ ሾፌር እጅ ወረቀት ይልክልኝ ነበር። ደብዳቤዎቹ አጫጭር ናቸው፤ ስለ ዝናቡ፣ ረጅም ዛፍ ላይ ስለሚሰቅለው ቀፎ፣ ስለ እናቱ ጉልበት። እወድሻለሁ የሚል ቃል አንዱም ላይ የለም። አንዱ ላይ ግን «ዛሬ ዛፍ ላይ ሆኜ አስታወስኩሽ፤ ስለዚህ ቀስ ብዬ ወረድኩ» ይላል። ይህን ባነበብኩበት ቀን አንድ ናሙና ሁለት ጊዜ መዝግቤ የምሥራች፣ ከእኔ ጋር የምትሠራው ልጅ፣ አመመሽ እንዴ ብላ ግንባሬን ነካችኝ።

አባቴ ሱሩር ከስልጤ መጥቶ ቦንጋ ሱቅ ከከፈተ ሠላሳ ዓመት ሆኖታል። ለእኔ ያሰበው የነጋዴ ልጅ ነበር። የያህያ ቤተሰቦች ከአያቱ ጀምሮ ሙስሊሞች፣ ከአያቱም በፊት ጀምሮ ንብ አናቢዎች ናቸው፤ ሰላቱን የሚሰግድ፣ ሰው የሚያከብር ልጅ እንደሆነ አባቴም ሰምቷል። ቢሆንም «ዛፍ ላይ ለሚውል ሰው ልጄን አልድርም» ብሎ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ጆሮውን ደፈነ። በመጨረሻ እናቴ ሀኪማ በምን እንዳለዘበችው አላውቅም፣ ሽማግሌዎቹ ይምጡና ልስማቸው አለ። ቀኑም ተቆረጠ፤ ግንቦት አሥራ አራት፣ ሐሙስ፣ ከአሱር ሰላት በኋላ።

ሐሙስ ዕለት ጠዋት መብራት አልነበረም። ቀትር ላይ ሲመጣ ሃያ ሦስት ናሙና ተሰልፎ ይጠብቀኛል። ወቅቱ የነጭ ማር ነበር፤ የጌተማ ዛፍ አብቦ የሚገኘው ማር። ይህ ማር ቶሎ ይረጋል። የረጋ ማር ደግሞ ከነጠርሙሱ ለብ ባለ ውሃ ውስጥ ተቀምጦ፣ ሙሉ በሙሉ ቀልጦ፣ መልሶ ቀዝቅዞ ነው የሚለካው። ግማሽ ቀን ይፈልጋል። እኔ ግማሽ ቀን አልነበረኝም፤ ሽማግሌዎቹ ሳይደርሱ ቤት ገብቼ ልብስ መቀየር ነበረብኝ። ቁጥር አሥራ ሰባት ላይ ስደርስ ከላይ ከቀጠነው በማንኪያ ጫፍ ወስጄ ለካሁ። ማር ሲረጋ ጠጣሩ ወደ ታች ይወርዳል፣ ውሃው ከላይ ይበዛል። ይህን ፈተና ላይ ጽፌ ኤ አግኝቼበታለሁ። መሣሪያው ሃያ አራት ከግማሽ አለ። ፈረምኩና ባጃጅ ይዤ ወደ ቤቴ በረርኩ።

ሽማግሌዎቹ ሦስት ነበሩ። የሚመሯቸው ጋሽ ገብረሚካኤል የማንኪራ ንብ አናቢዎች ማህበር ሊቀመንበር ናቸው፤ ክርስቲያን ናቸው፣ ያህያን ግን ከልጅነቱ ጀምሮ ዛፍ አወጣጥ ያስተማሩት እሳቸው ናቸው። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ሻይ እያዘጋጀሁ ድምፃቸውን እሰማለሁ። ስለ ልጁ ቀስ ብለው ማውራት እንደጀመሩ የአባቴ ስልክ ጮኸ። ዩኒየኑ አጠገብ ሱቅ ያለው ወዳጁ ነው፤ በሩ ላይ የተለጠፈውን አንብቦ ነው የደወለው። አባቴ ተነሥቶ ወጣ፣ ወዲያው ተመለሰ።

«ማር ላይ ውሃ የጨመረ ሰው ትዳር ላይ ምን እንደሚጨምር አላውቅም» አለ። «ሂዱልኝ።»

ሻዩን ሳይነኩ ወጡ። የቁጥር አሥራ ሰባት ባለቤት ማን እንደሆነ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ ያን ቀን ውሃ ተጨምሮበታል ብዬ የፈረምኩት እሱ ላይ ብቻ ነበር።

ከመግሪብ በኋላ ያህያ ደወለ። አልጮኸም፣ ራሱንም አልተከላከለም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀኝ።

«ሀኒያ፣ ውሃ የጨመርኩ ይመስልሻል?»

«መሣሪያው ሃያ አራት ከግማሽ ነው ያለው» አልኩት።

የዝናቡ ድምፅ በስልኩ ይሰማል። «መሣሪያውን አልጠየቅኩትም» አለና ዘጋ።

በሦስተኛው ቀን የመጨረሻ ደብዳቤው መጣ። «ከአስረካቢነት አውርደውኛል። እሱን እችለዋለሁ። የአንቺን መልስ ነው ያልቻልኩት። ሽማግሌ ድጋሚ አልልክም። እናትሽን ሰላም በይልኝ» ይላል። አንብቤ ተቆጣሁ። እሱ ነው ያታለለኝ፣ እኔ ሥራዬን ነው የሠራሁት እያልኩ ሦስት ሳምንት ሙሉ ለራሴ ጠበቃ ቆምኩ። ጥብቅና ግን ያደክማል። ወረቀቱን አጣጥፌ ሳስቀምጥ፣ ለእናቴ ሰላምታ ማቅረቡን ያልረሳ ሰው ማር ላይ ውሃ ይጨምራል ወይ የሚል ሐሳብ ይመጣብኛል፣ አባርረዋለሁ፣ ተመልሶ ይመጣል።

በአራተኛው ሳምንት መደርደሪያውን ስናጸዳ ቁጥር አሥራ ሰባትን አነሣሁት። ናሙና ሦስት ወር ሳይሞላው አይደፋም። ጠርሙሱን ወደ መስኮቱ ወስጄ ሳየው ከታች እንደ ቅቤ ነጭ ሆኖ ረግቷል፣ ከላይ ሁለት ጣት የሚያህል ቀጭን ማር ተንሳፍፏል። ያን ጊዜ ሳልለካው አወቅሁ።

ለብ ባለ ውሃ ውስጥ አስቀመጥኩትና አጠገቡ ተቀመጥኩ። የምሥራች ምሳ እንሂድ አለችኝ፣ አልሄድኩም። እስኪቀልጥ ጠበቅኩት፣ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅኩት። አሥራ ስምንት ከግማሽ። ሦስት ጊዜ ደገምኩት። ንጹህ ማር ነው፤ ያን ወር ካየሁት ሁሉ የተሻለ። መጀመሪያ ከአፌ የወጣው «አልሐምዱሊላህ» ነው፣ እንባዬ ከዚያ በኋላ ነው የመጣው። ናሙና ሦስት ወር ይቀመጥ ብሎ ደንብ ያወጣውን ሰው አላውቀውም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ግን ዱዓ አደርግለታለሁ።

ኃላፊያችን ጋሽ ፈለቀ ክፉ ሰው አይደሉም። ስነግራቸው መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን አሹ፤ ከዚያ ራሳቸው ደብዳቤ አረቀቁልኝ። ናሙናው የተለካው በመሣሪያ ብልሽት ምክንያት በተሳሳተ መንገድ ነበር፣ ውጤቱ ተሰርዟል፣ ይላል። ኮንትራቴ ሐምሌ ላይ ቦርድ ፊት እንደሚቀርብ አስታወሱኝ። ልጁም ነጻ ይወጣል፣ አንቺም ትተርፊያለሽ፣ መሣሪያው ደግሞ ልጅ የለው ሚስት የለው አሉኝ። ሳቅሁ። እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ወረቀቱን ቦርሳዬ ውስጥ ከትቼ ቤት ገባሁ፣ ሰገድኩ፣ ምንጣፉ ላይ ቁጭ ብዬ መቶ ጊዜ የምሕረት ልመናውን፣ ኢስቲግፋር፣ ማለት ጀመርኩ።

እናቴ ቅዳሜና እሑድ የሰፈሩን ልጆች ቁርአን ታቀራለች። አነጋገሯ ከእኔ የባሰ ቀጥተኛ ነው። በር ላይ ቆማ ታየኝ ኖሯል፤ ምን ሆነሽ ነው አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት፣ ወረቀቱንም ሰጠኋት። ቆማ አነበበችው።

«ደግሞ መሣሪያውን ልታሚው ነው?» አለችኝ።

«እማ፣ ዋናው ስሙ መንጻቱ ነው።»

«ለዚህ ነው ምንጣፉ ላይ የምታለቅሺው? ያህያ የሚኖረው ምንጣፉ ላይ ነው እንዴ?» አጠገቤ ተቀመጠች። ድምፅዋ ዝቅ አለ። «አላህ የራሱን ሐቅ ይምርሻል፣ መሐሪ ነው። የሰውን ሐቅ ግን የሚምርሽ ሰውየው ነው። ይህን የማስተምረው ለሰባት ዓመት ልጆች ነው፣ ሀኒያ። አንቺ ዲግሪ አለሽ።»

ስሙን የሰቀልኩት በር ላይ ነው፣ በጆሮው ሹክ ብዬ ላወርደው እንደማልችል ነገረችኝ። ያጠፋው ማን እንደሆነም ወረቀቱ ላይ የለም አለች፤ ያላጠፋ ሰው ደግሞ ተውበት አያደርግም። ከዚያ ራት ልትሠራ ተነሣች። ብዙ ሰው እናቱን ስለምትደብሰው ያመሰግናል። እኔ ያን ቀን ስላልደበሰችኝ አመሰገንኳት፤ በሆዴ ነው፣ በአፌ ብላት ትስቅብኝ ነበር።

በማግስቱ ሌላ ደብዳቤ ጻፍኩ። ጋሽ ፈለቀ አነበቡት። ልጄ፣ ይህን ይዤ ቦርድ ፊት ምን ልበል አሉ። የተጻፈውን ይበሉ አልኳቸው። ማህተሙን ሁለት ጊዜ አጥብቀው መቱት፣ አንዱ ቅጂ ያኔውኑ በሩ ላይ ተለጠፈ፣ ከሰዓት በኋላ ደግሞ የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በእጄ ሰጡኝ። እስከ ሐምሌ ከላቦራቶሪ ወጥቼ ሚዛን ላይ እንድሠራ ተወሰነ። ኮንትራቱ ምን እንደሚሆን እስካሁን አላውቅም።

ማንኪራ የሄድኩት ከእናቴ ጋር ነው። ሚኒባሱ ካወረደን በኋላ መንገዱ በእግር ነው፤ ጫካው ውስጥ ለውስጥ፣ ዝናቡ ካቆመም በኋላ ከቅጠሉ እየወረደ። እናቴ በቦቲ ጫማ ከፊቴ ትራመዳለች፣ ዞር ሳትል። ንብ አናቢዎቹ የማህበሩ መጋዘን ፊት ለፊት ግንድ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሠላሳ ይሆናሉ። ብዙዎቹ አማርኛ አይሰሙም። ከዩኒየኑ የሚመጣን ወረቀት ሁሉ ወደ ቋንቋቸው ወደ ካፊኖኖ የሚመልስላቸው ያህያ ነው። ከአስረካቢነት አወረዱት እንጂ ይህን ሥራ የሚችል ሌላ ሰው አላገኙለትም። ጋሽ ገብረሚካኤል ጠሩት። ከመጋዘኑ ጀርባ መጣ፣ አየኝ፣ ቆመ።

ከስቷል። አንድ ወር ሙሉ ሳላየው እንዴት እንደኖርኩ አላውቅም። ዓይኑ እኔ ላይ ደርሶ ወደ ወረቀቱ ወረደ፣ ከዚያም አልተነሣም።

አነበብኩ። እየቆምኩ፣ እሱ እየመለሰ።

«እኔ ሀኒያ ሱሩር የቁጥር አሥራ ሰባትን ማር ሳይቀልጥ ለካሁት» አልኩ። መለሰው። «ደንቡ ጠብቂ ይላል። አልጠበቅኩም። ወደ ቤቴ ለመሄድ ቸኩዬ ነበር።» ትንሽ ዘግይቶ መለሰው፤ ወዴትና ለምን እንደቸኮልኩ ከሰው ሁሉ እሱ ነው የሚያውቀው። «መሣሪያው ደህና ነበር። ያጠፋሁት እኔ ነኝ። ማሩ ንጹህ ነው።» ሰዎቹ እርስ በርስ ተንሾካሾኩ። «ያህያ ውሃ አልጨመረም» አልኩ፤ ያህያም ስለ ራሱ ያን ዐረፍተ ነገር በራሱ አፍ መናገር ነበረበት። ተናገረው።

ማህተም ያለበት ወረቀት እዚያ ላይ ያበቃል። አጠፍኩት። ወረቀቱ ላይ ያልነበረውን በቃሌ ጨመርኩ።

«እሱ ራሱ ደውሎ ጠይቆኝ ነበር። ላምነው ሲገባኝ አላመንኩትም። ከመለካቱ የሚብሰው ይኸኛው ነው።»

ያህያ አጭር ነገር ተናግሮ አበቃ።

«አሳጠርከው» አሉ ጋሽ ገብረሚካኤል በአማርኛ።

«ዋናውን ብያለሁ፣ ጋሼ።»

«እኔ እኮ አማርኛ እሰማለሁ። ልጅቱ የተናገረችው ሌላም ነገር አለ።»

«እሱ የማህበሩ ጉዳይ አይደለም።» አንገቱን ደፋ። ያኔ ገባኝ። እኔን ሊሸፍነኝ ነው የዘለለው። ስሙን ሠላሳ ሰው ፊት ያስወረድኩት ሰው፣ እነዚያው ሠላሳ ሰዎች ፊት እንዳልዋረድ ቃሌን ይቆርጥልኛል።

«በል ንገራቸው፣ ያህያ» አልኩት። «ያንተን ስም ያወረድኩት በሰው ፊት ነው።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ደረሰኝ ስሰጠው እንደሚያየኝ አድርጎ። ከዚያ ወደ ሰዎቹ ዞሮ ቀስ እያለ ተናገረው። ካፊኖኖ ብዙ አልሰማም፤ መሐል ላይ ድምፁ ሲሰበር ግን የትኛው ቃል ላይ እንደደረሰ አወቅሁ።

አንድ አዛውንት የሆነ ነገር ብለው ሁሉም ሳቁ። ያህያ ሊመልሰው አልፈለገም። ጋሽ ገብረሚካኤል መለሱልኝ፤ ከቢሮ እንዲህ ያለ ደብዳቤ መጥቶልን አያውቅም፣ ሌላም ካላት ታንብብልን ነው የሚሉት አሉኝ። እናቴ እንኳ ሳቀች።

ሰው ሲበተን እናቴ ከአንዲት አሮጊት ጋር ጨዋታ ይዛ እኛን በምታይበት ቦታ ተቀመጠች። ያህያ ከእኔ ሁለት እርምጃ ርቆ ቆመ። ጥያቄው አንድ ነበር፣ እንደ ሁልጊዜው።

«መሣሪያው አሥራ ስምንት ባይል ኖሮ ትመጪ ነበር?»

አዎ ማለት ቀላል ነበር። ሊሰማው የሚፈልገውም እሱን ይመስለኛል። «አልመጣም ነበር መሰለኝ» አልኩት። «ለእሱም ጭምር ነው አፉ በለኝ የምልህ።»

ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከላይ ከዛፉ ውሃ ጠብ ይላል። በእንዲህ ያለ ጊዜ እኔ የምታወቀው ሁለት ሦስት ነገር ደራርቤ በመናገር ነው። ሽማግሌ ትልካለህ ወይ፣ ትወደኛለህ ወይ፣ ምን ልሁን፣ ሁሉም ጥርሴ ላይ ደርሶ ነበር። ሶብር፣ ትዕግሥት፣ ምን እንደሆነ ከልጅነቴ ጀምሮ ሰምቻለሁ፤ ስለ በሽታና ስለ ድህነት ብቻ ይመስለኝ ነበር። ለካ አንድ ሰው አስቦ እስኪጨርስ ድረስ አፍን ዘግቶ መቆምም ነው። ቆምኩ። ጭቃው ጫማዬን ይስበዋል፣ እኔ ግን ቆምኩ።

«አፉ ብዬሻለሁ» አለ በመጨረሻ። «ስልኩን የዘጋሁት እኔ ነኝ። አንድ ጊዜ ደግሜ ጠይቄሽ ቢሆን ቆም ብለሽ ታስቢ ነበር። እኔም ኩራት ይዞኝ ነበር፣ ሀኒያ። አንቺም አፉ በይኝ።»

ብዬሃለሁ ለማለት ጭንቅላቴን ነቀነቅኩለት። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ፈገግ ሲል፣ ከዚያ በላይ ምንም ባይሰጠኝ እንኳ ይበቃኛል ብዬ አሰብኩ፤ ይህን ያሰብኩት እኔ መሆኔ እስካሁን ይገርመኛል።

ስንመለስ ጋሽ ገብረሚካኤል እስከ መንገዱ ሸኙን። ያህያ ወደ አስረካቢነቱ እንደሚመለስ ነገሩን። ስለ ጋብቻው እናቴ ስትጠይቃቸው ግን ፊታቸው ከበደ።

«ወይዘሮ ሀኪማ፣ እኛ ከቤትዎ ሻይ ሳንጠጣ ነው የወጣን። ያህያ እግራችን ላይ ቢወድቅ እንኳ ተነሥተን አንመጣም፤ በእኛ ዘንድ የተመለሰ ሽማግሌ በራሱ አይሄድም። የመለሰን ሰው እዚህ ድረስ መጥቶ ይጥራን። ያን ቀን እንመጣለን።»

አባቴን የሚያውቅ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። በሠላሳ ዓመት ውስጥ ይቅርታ ሲጠይቅ ሰምቼው አላውቅም። በሚኒባሱ መስኮት ጫካውን እያየሁ፣ ምናልባት የተሰጠኝ እስከዚህ ድረስ ነው አልኩ። ስሙ ተመልሷል፤ ይቅር ብሎኛል፤ እናቴ ትከሻዬ ላይ ተኝታለች። ለማመስገን በቂ ነበር። ቢሆንም ልቤ ከባድ ነበር።

አባቴ የጋሽ ገብረሚካኤልን ቃል ስነግረው ሰምቶኝ ወደ ሱቁ ሄደ። በሳምንቱ የገበያ ቀን ጠዋት ሦስታችን ቁርስ ላይ ተቀምጠናል፤ የሱቁ ቁልፍ በእጁ ነው። በገበያ ቀን ከእሱ ቀድሞ ሱቅ የሚከፍት ሰው ሰፈራችን ውስጥ የለም። ያን ቀን ግን አልተነሣም።

«በር ላይ የተለጠፈውን አነበብኩት» አለኝ። «መሣሪያው ነው ብለሽ ብትጽፊ ማን ያውቅብሽ ነበር?»

«እማ ታውቅብኝ ነበር።»

እናቴ ሻይዋን ፉት አለች።

«ከሥራ ቢያስወጡሽስ?»

«ሌላ እፈልጋለሁ፣ አባ።»

ቁልፉን በጣቱ አገላበጠ። «ያን ቀን ስልኩን አንሥቼ እስክመለስ አንድ ደቂቃ አልሞላም» አለ። «ልጁን አስጠርቼ ልጠይቀው አላልኩም። ሰው አወረድኩ፣ ሽማግሌ አባረርኩ። ከዚያም በላይ ገበያ ውስጥ አውርቼዋለሁ። ለዚህ ልጅ ነበር ልጄን ሊጠይቁኝ የመጡት እያልኩ።» ወደ እናቴ ዞረ። «የዚች ልጅ ችኮላ ከማን ነው የመጣው ብዬ ስንት ጊዜ ጠይቄሻለሁ። አንድ ቀን መልሰሽልኝ አታውቂም።»

«እያወቅህ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነው» አለች እናቴ።

ሊስቅ ፈልጎ ከንፈሩ ተንቀጠቀጠ። አባቴ ሲያረጅ ያየሁት በዚያች ቅጽበት ነው፤ ሲያምርም እንዲሁ። ተነሥቶ ኮቱን ለበሰ፣ ኮፊያውን አስተካከለ፣ ቁልፉን እናቴ ፊት ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

«ገበያ ነው ዛሬ» አለችው፤ ልትፈትነው መሆኑን እሱም እኔም አውቀናል።

«አውቃለሁ» አለ። «የማንኪራ ሚኒባስ ከየት ነው የሚነሣው?»

ከመናኸሪያ ነው አልኩት፤ ድምፄ ሌላ ሰው የተናገረው ይመስላል። ጭቃው ከባድ ነው፣ መንገዱን ላሳይህ፣ አብሬህ ልሂድ ብዬ ተነሣሁ። እጁን ትከሻዬ ላይ አድርጎ መልሶ አስቀመጠኝ። እንዲህ የነካኝ ትምህርት ቤት የገባሁ ቀን ነው መሰለኝ።

«አንቺ ያንቺን ሄደሻል» አለኝ። ጃንጥላውን ከግድግዳው አነሣና ወጣ፤ በሩንም ቀስ አድርጎ ከኋላው ዘጋው።